ሁለት ቀኝ ክንፍ

እጆቼን የማያውቅ የለም። ባሕር ማዶ ተቀምጣ ስሜን ጥሪ ብትባል ምላሷ የሚተሳሰር ሴት ሳትቀር እጆቼን ታውቃለች። የተንጋደደውን የአውራ ጣቴን ጥፍር ታውቃለች፣ ክር ሲጎተትበት ኖሮ የሰረጎደውን ሌባ ጣቴን ታውቃለች። ፊቴን ግን ማንም አያውቅም። የምራቴ ካሜራ ከእጄ አንጓ አልፎ ወደ ላይ ወጥቶ አያውቅማ። አንድ ቀን፣ «ምነው፣ አንገቴ ላይ ምን በቀለ?» ብላት፣ «እማማ፣ ደንበኞች የሚፈልጉት እጅ ነው» አለችኝ። እጅ! ሥጋ ቤት ተመዝኜ የምሸጥ ይመስል።

ሥራችን እንዲህ ነው። ሹራብ አንሸጥም። ይህ ለጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ አልገባቸውም፣ ለእኔም የገባኝ ቆይቶ ነው። የምንሸጠው የሹራቡን አሠራር ነው። እኔ በኪሮሽ የሕፃን ኮፍያ፣ ሻል፣ የአልጋ ልብስ አወጣለሁ፤ ከማንም አይቼ አይደለም፣ ከገዛ ራሴ ነው። ምራቴ አጠገቤ ተቀምጣ በቪዲዮ ትቀርጸኛለች፣ ረድፍ በረድፍ ትጽፈዋለች፣ ሥዕል ትሠራለታለች፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ባለው ሱቃችን ትሰቅለዋለች። ሰው ገዝቶ ስልኩ ላይ ያወርድና በገዛ ክሩ፣ በገዛ እጁ ይሠራል። መጀመሪያ ስትነግረኝ፣ «ሹራቡን ትቶ ወሬውን የሚገዛ ሰው አለ?» ብያት ነበር። አለ። ለካ ዓለም ሙሉ ክር ታቅፎ ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ተቀምጧል።

ምራቴን አልበድላትም። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ሶፋ ላይ ተዘርራ አላለቀሰችም። ልብስ የምንተኩስበትን ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ስባ፣ ላፕቶፗን አስቀመጠችና፣ «እማማ፣ ይህ እጅዎ ዝም ብሎ መቅረት የለበትም» አለችኝ። ታታሪ ናት። አንድ አመል ግን አለባት፤ ሁሉ ነገር ቀጥ እንዲልላት ትፈልጋለች። ትራሱ ቀጥ፣ መጋረጃው ቀጥ፣ አማቷም ቀጥ።

እኔ ደግሞ በዚያ በኩል አልታደልኩም። ግራኝ ነኝ። እናቴ ከዚህ አመል ላላቅቃት ብላ ግራ እጄን በሻሽ ከወገቤ ጋር ታስረው ነበር። ትምህርት ቤት የላኩኝ ጊዜ መምህሩ ጠመኔውን በግራ ስይዝ አየና ጣቶቼን በማስመሪያ ጠበጠባቸው። «በቀኝሽ ካልጻፍሽ ነገ እንዳትመጪ» አለ። አልሄድኩም። ይኸው እስከ ዛሬ አልሄድኩም። «ያልተማረች» ሲሉኝ እሰማለሁ፤ አልተማርኩም፣ ግን አልተሸነፍኩም። ፊደሉን በኋላ ከልጄ ደብተር ላይ አንድ በአንድ ለቅሜዋለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው በግራዬ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ክረምት አንድ የሕፃን ሹራብ አወጣሁ። ቁልፍ የለውም። ቁልፍ ለአራስ ልጅ አይመችም፤ ወይ ደረቱን ይወጋዋል፣ ወይ ልጁ በጥሶ ይውጠዋል። ስለዚህ ፊቱን በሁለት ክንፍ ሠራሁት። የግራው ክንፍ ከሥር ይገባል፣ የቀኙ በላዩ ይደረባል፣ ከዚያ በጎኑ በኩል በክር ሸብ ይደረጋል። በሁለቱም ክንፍ ላይ ወደ ውጭ ያበጠ ቅጠል አለው። ቅጠሉ የሚታየው በአንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ ክንፉን ገልብጦ በሌላው ቦታ መስፋት አይቻልም። የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ነው፣ እንደ ጫማ። ስሙን «ባለክንፉ» አልነው።

ምራቴ የግራውን ክንፍ ስሠራ በቪዲዮ ቀረጸችኝ። «የቀኙንስ?» ብላት፣ «ሁለቱንም ካስገባን ቪዲዮው ይረዝማል፣ ሰው ይሰለቻል» አለችና ያለቀውን የቀኝ ክንፍ አይታ ረድፎቹን በሥዕል አወጣችው። ገዢው የመጀመሪያውን ክንፍ ከቪዲዮው፣ ሁለተኛውን ከሥዕሉ አይቶ ይሠራል ማለት ነው። ባለክንፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። ምራቴ ስታልፍ ስታገድም ታፏጭ ጀመር።

አንድ ጠዋት ሻዬን ይዤ ስገባ ፉጨቷ የለም። ላፕቶፑ ፊት ደርቃ ቀርታለች።

«ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?»

«ሰው ተናደደ፣ እማማ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ደንበኞች ሠርተው የጨረሱትን ባለክንፍ ፎቶ እያነሱ ልከዋል። ጉድ ነው! ሁለቱም ክንፎች ወደ አንድ ጎን ዞረዋል። ቅጠሉ ወደ ውጭ ሲሆን ክንፎቹ አይደራረቡም፤ እንዲደራረቡ ሲገለበጥ ደግሞ አንደኛው ቅጠል ደረት ውስጥ ይገባል። የተኳረፉ ባልና ሚስት አልጋ ላይ ሲተኙ እንዲያ ነው። አንዷ ደንበኛማ ሹራቡን ለድመቷ አልብሳ፣ «እሺ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» ብላ ጽፋለች። የድመቷን ፊት ላየው እሺ ያለችም አትመስልም።

«ማንበብ አይችሉም እኮ!» አለች ምራቴ። «ግልጽ አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

«እጃቸውም እንጨት ነው» አልኩ እኔ። እዚህ ላይ ተስማማን፤ አማትና ምራት የሚስማሙት ሦስተኛ ሰው ሲያሙ ነው።

ሐሜቱ ግን ሩቅ አላስኬደንም። ሱቃችንን ኢንተርኔት ላይ የሚያስተናግደው ድርጅት፣ ቅሬታው በቶሎ ካልተፈታ ሱቁን ከነሙሉ ዕቃው እንደሚያወርደው ጽፎ ኖሯል። ምራቴ አነበበችልኝ፣ ከዚያ እንደገና ለራሷ በለሆሳስ አነበበችው። የዚህ ቤት ግማሽ ጉሮሮ በዚያ ሱቅ በኩል ነው የሚያልፈው። የሠራሁት ሁሉ፣ ኮፍያው፣ ሻሉ፣ የአልጋ ልብሱ፣ እዚያው ነው የተሰቀለው። ከወረደ እኔ እንደገና መስኮት ሥር ተቀምጣ ክር የምትቋጥር አሮጊት እሆናለሁ፤ እሷም ማመልከቻ ይዛ ደረጃ መውጣት ትጀምራለች።

ልጄ ከመኝታ ቤት ወጣ። ሹፌር ነው፤ የዚያን ቀን ተረኛ አልነበረም። ፎቶዎቹን በሚስቱ ትከሻ በኩል አየና አንገቱን አከከ።

«እማ፣ እንዳትቆጪ እንጂ... ምናልባት አንቺ የሆነ ቦታ ስተሽ ይሆናል። ዕድሜም አለ።»

«ዕድሜ ምን አለ?»

«አለ ነው የምልሽ።»

«ዕድሜዬን በአንተ እየቆጠሩት ነው እንጂ እኔማ አላረጀሁም!»

የእሱ ንግግር አልቆረጠኝም፣ የምራቴ ዝምታ ነው የቆረጠኝ። ተነሥቼ ከመሳቢያው መጀመሪያ የሠራሁትን ባለክንፍ አወጣሁ። አጠገቤ ሕፃን ስላልነበረ ለሻይ ፔርሙሱ አለበስኩት። የግራውን ከሥር፣ የቀኙን ከላይ፣ ሸብ። ፔርሙሱ አምሮበት ቆመ።

«ይኸው! የእኔ ክንፍ ይገጥማል!»

«ታዲያ የእነሱ ለምን አይገጥምም?» አለ ልጄ።

ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር ያንገበግበኛል። ወንበር ስቤ ምራቴ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ የመጣውን ሁሉ አንድ ሳታስቀሪ ወደ አማርኛ እየመለስሽ አንብቢ አልኳት። አነበበች። አንዱ ያላግጣል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ለእህቷ ልጅ ስጦታ አሰናድታ ባዶ እጇን መሄዷን ትናገራለች። ሁሉም ያው ነው፤ ሁለት ቀኝ ክንፍ። ምራቴ አንዷ ጋ ስትደርስ በጣቷ ገፋ አድርጋ አለፈቻት።

«ይቺን ለምን ዘለልሻት?»

«ይቺ ደህና ናት፣ እማማ። አመስግና ነው የጻፈችው።»

«እኔ የምፈልገው ደህናዋን ነው! ሰፈሩ ሁሉ አንሸራቶት ወድቆ አንዷ ከቆመች፣ በየት በኩል ሄድሽ ተብላ የምትጠየቀው የቆመችው ናት።»

ምራቴ አነበበችልኝ። ፎቶም ነበረው፤ አንድ ጉንጫም ሕፃን ባለክንፉን ለብሶ፣ ክንፉ ተደራርቦ፣ ቅጠሉ በሁለቱም በኩል ፈክቶ። እናትየው እንዲህ ብላለች፦ «በጣም ያምራል። ለልጄ ልክ ሆኗል። እኔ ግራኝ ስለሆንኩ ቪዲዮውን መስታወት ፊት አቁሜ፣ ከመስታወቱ ላይ እያየሁ ነው የሠራሁት።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

ግራኝ ናት። እኔም ግራኝ ነኝ። ግራኝ የግራኝን እጅ ለማየት መስታወት ምን ያደርግላታል?

«ቪዲዮውን አምጪው» አልኩ።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ የሠሩት ነው፣ ያውቁታል።»

«አምጪው አልኩሽ!»

እውነት ለመናገር ቪዲዮዎቹን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። የገዛ እጄን ለማየት ስልክ አያስፈልገኝም እል ነበር። ምራቴ ስልኩን ስትሰጠኝ ዐይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። አየሁ። ሁለት እጅ። ኪሮሹ በቀኝ እጅ። ክሩ በግራ። በልጅነቴ ትኩስ ዘይት ፈንጥቆ የተወልኝ ጠባሳ አለ፣ ቀኝ እጄ ጀርባ ላይ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ጠባሳ ግራ እጅ ላይ ነው። ቀኝ እጄን ከስልኩ አጠገብ ዘረጋሁ። ምራቴ እጄንም አየች፣ ስልኩንም አየች።

«ይቺ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

«እኔ አይደለሁም። ገልብጠሽኛል።»

ፊቷ ቀላ። ቀስ እያለች ተናገረች። ስልኩ ላይ አንድ ምልክት አለ፤ እሱን ሲነኩት ቪዲዮው እንደ መስታወት ይገለበጣል፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። የመጀመሪያውን ኮፍያ የሰቀለች ጊዜ አንድ ሰው ከሥሩ፣ «አሮጊቷ ምነው ወደ ኋላ ትሠራለች?» ብሎ ጽፎ ሌሎች ተከትለው ሳቁ። ያን ዕለት ገለበጠችው። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እንዳይስቁብዎት ብዬ ነው።»

ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ኮፍያ ዙሪያውን ክብ ነው፣ ግራ ቀኝ የለውም። ሻልም ቢገለበጥ ያው ሻል ነው። ስለዚህ ማንም አልነቃም። ባለክንፉ ግን እንደ ጫማ ነው። እኔ ስቀረጽ የሠራሁት የግራውን ክንፍ ነበር፤ ቪዲዮው ሲገለበጥ ክንፉም አብሮ ተገለበጠና የቀኝ ሆነ። ሥዕሉን ደግሞ ያወጣችው ካለቀው ሹራብ ላይ ነው፣ ያልተገለበጠ፣ ትክክለኛ የቀኝ ክንፍ። ቪዲዮውም ቀኝ፣ ሥዕሉም ቀኝ። የተረፈችው ያቺ መስታወት ፊት የተቀመጠችው ሴት ብቻ ናት፤ ምራቴ የገለበጠችውን መልሳ ገልብጣ እኔን አገኘችኝ።

እናቴ በሻሽ ያልቻለችውን፣ መምህሩ በማስመሪያ ያልቻለውን፣ ምራቴ በአንድ ጣቷ ነካ አድርጋ ቻለችው። ቀኝ አደረገችኝ። እነሱ እንኳ ሲያደርጉት ፊት ለፊት ነበር፣ አውቄ ታግያቸዋለሁ። እዚህ ግን ስንት ዘመን ሙሉ ሳላውቀው ዓለም ፊት የሌላ ሰው እጅ ሆኜ ቆየሁ።

አልጮህኩም። እኔ ስጮህ በዚህ ቤት ማንም አይደነግጥም፤ ዝም ስል ግን ልጄ ጫማውን ያጠልቃል። አጠለቀና፣ «ዳቦ ልግዛ» ብሎ ወጣ። ዳቦ ነበረን።

ምራቴ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ባለክንፉን እናውርደው» አለች። «የከፈሉትን እንመልስላቸውና ይቅርታ እንበል። ከዚያ ኮፍያ እንሥራ። ኮፍያ ላይ ምንም ችግር አይመጣም።»

«ኮፍያ!»

«ለጊዜው ነው፣ እማማ።»

«ስሚ። ባለክንፉ አይወርድም። ሰው ስለሳቀ እጅ ትገለብጫለሽ፣ ሰው ስለተቆጣ ሹራብ ታወርጃለሽ። ነገ ደግሞ ሰው ቢያስነጥስ ቤቱን ልትለቂ ነው? ተነሺ። ወንበርሽን ይዘሽ ፊቴ ተቀመጪ።»

«ሁሌ የምቀመጠው አጠገብዎ ነው።»

«ለዚህ ነዋ ተምረሽ የማታውቂው። አጠገቤ ስትሆኚ ሥራዬ ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚመስልሽ። ፊት ለፊቴ ስትሆኚ ግን የእኔ ግራ ከአንቺ ቀኝ ትይዩ ነው። መስታወትሽ እኔ ነኝ። እጄ ወደ መስኮቱ ሲሄድ እጅሽ ወደ መስኮቱ ይሂድ። በቃ።»

ዕቅዴ ይህ ነው፤ እኔ ለግራኞች፣ እሷ ለቀኞች እየሠራን ሁለት ቪዲዮ እንቀርጻለን። ሁለቱም ክንፍ ከነቅጠሉ፣ ከመጀመሪያዋ የክር ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ቋጠሮ። የሚሰለቸው ይሰልች።

ምራቴ ሰንሰለት ታውቃለች፣ ተራ ረድፍም ታውቃለች። ያበጠውን ቅጠል ግን፣ «ስጽፈው ኖርኩ እንጂ ሠርቼው አላውቅም» አለች። የመጀመሪያውን ጨርሳ በኩራት ዘረጋችልኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቅጠል ነዋ።»

«ይህ ጆሮ ነው።»

«የሰው?»

«የአህያ። ተርትሪው።»

ተረተረችው። እንደገና ሠራች፤ እንደገና አስተረተርኳት። ጣቷ ቀላ፣ ክሩ ሲሠራና ሲፈታ ፀጉር አወጣ። አንድ ቀን ኪሮሹን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ «እኔ እኮ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

«ነበርሽ» አልኳት። «አሁን የሹራብ ሱቅ ባለቤት ነሽ። ኪሮሹን አንሺ፣ ክሩን አታጥብቂው፣ አንገት የሚያንቁ ይመስል።»

አነሣች። እኔም ብሆን ቀልቤን ሰብስቤ ዝግ ማለት ነበረብኝ፤ እጄ ብቻውን የሚሄድ ነው፣ አቁመህ አሳይ ሲሉት ግር ይለዋል። አንዳንዴ እኔ ራሴ የቱ ጋ እንደነበርኩ ይጠፋኝና፣ «እዚህ ጋ ክሩን ሁለቴ ጠምጥመዋል» ብላ የምታስታውሰኝ እሷ ነበረች። ስትጽፈኝ የኖረችው ለከንቱ አልነበረም ለካ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት ትራሱን ሁሉ እንደገና ቀጥ ማድረግ ትጀምራለች።

ቅጠሉ ቅጠል የሆነ ቀን ልጄ ገብቶ አየንና፣ «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የተፋጠጣችሁት? ልትደባደቡ ነው?» አለ።

«ገና ነው» አለች ምራቴ ከክሯ ቀና ሳትል፤ እኔም ሳቅኩ።

ትናንት ሁለታችንም ቀርጸን ጨረስን። የእሷን ባለክንፍ ለፔርሙሱ አለበስነው፤ ገጠመ። ሱቁን እናወርዳለን ላሉት ሰዎች፣ ነገ ተስተካክሎ ይሰቀላል ብላ ጻፈች። ለደንበኞቹ ደግሞ የይቅርታ መልእክት በአማርኛም በእንግሊዝኛም አዘጋጀች። ዛሬ ጠዋት አማርኛውን አምጪው ብዬ መነጽሬን አድርጌ ፊደል በፊደል አነበብኩት። «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ይላል።

«ቴክኒክ የሚባል ሰው እዚህ ቤት ይኖራል?»

«እማማ...»

«በየትኛው ክፍል ነው የሚያድረው? ይምጣና ይቅርታ ይጠይቅ።»

ከዚያ ገጹን አሳየችኝ። ከላይ የእሷ እጅ፣ ትልቅ ሆኖ። የእኔ ወርዶ ወርዶ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ «ለግራኞች» የሚል ጽሑፍ ሥር። አሁንም እስከ አንጓዬ ብቻ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ አሉ! አልገለበጠችኝም፣ እውነቷን ነው፤ አልጋ ሥር ደበቀችኝ እንጂ።

«አብዛኛው ደንበኛ ቀኝ ስለሆነ ነው» አለች።

«አሠራሩ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ሹራቡን ማን አወጣው?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ ባለቤቷ ጓዳ ገብታ እንግዳዋ ሳሎን የምትቀመጠው በየት አገር ነው?»

ተነሥቼ ፀጉሬን አበጠርኩ፣ ጥሩ ሻሼን አሠርኩ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኪሮሹን በግራዬ ያዝኩ። ብርሃኑ ፊቴ ላይ ነው፣ መጨማደዱ አንድ ሳይቀር ይታያል፤ ይታይ፣ ማንም በብድር የሰጠኝ አይደለም። ካሜራውን ይዛ መጣችና እንደ ልማዷ ወደ እጆቼ ጎንበስ አለች።

«ቀና በይ» አልኳት። «ቀና በይና ስሚኝ፣ አልደግመውም። ያን ቴክኒክ የምትይውን ሰው ከዚህ ቤት አስወጪ። 'አማቴ ግራኝ ናት፣ እኔ ነኝ የገለበጥኳት' ብለሽ ጻፊ፣ በአጭሩ፣ ሳታለቅሺ። ለባለ መስታወቷ ሴት፣ ከእንግዲህ መስታወቱን ፊትሽን እይበት በያት። ለባለ ድመቷም አዲሱን አስቀድመሽ ላኪላት። ኮፍያውንም ሻሉንም፣ የገለበጥሽውን ሁሉ ወደ ነበረበት መልሺው። የእኔ ቪዲዮ ከላይ፣ የአንቺ ከሥሩ ይሁን፤ አጠገቤ ነው የምትሆኚው፣ አትፍሪ። ይህ ካልሆነ ይህን ኪሮሽ መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበታለሁ፣ ኮፍያሽን ብቻሽን ትሠሪያለሽ። ሰምተሻል? በይ አሁን ካሜራውን ከፍ አድርጊ። ገና ነው። ከፍ። አንሺኝ፣ ከነፊቴ፣ ከነግራዬ፤ ያቺን ምልክት ደግሞ እንዳትነኪያት!»